በክኒን ፖስታ ላይ የሣልኳት ጀምበር

ልጅቷ ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችና እንዳይጠቀለል ሁለቱን ጫፍ በእጇ ያዘችው።

«እማማ፣ ሎጎው ይኼው» አለችኝ። «ዶክተር ወደውታል። በሩ ላይ፣ ቲኬቱ ላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ በየቦታው እሱ ነው የሚሆነው።»

አየሁት። መሬት የሚመስል አንድ መስመር፣ በላዩ ግማሽ ክብ፣ ከግማሹ ክብ ላይ ሰባት አጫጭር ጭረቶች። ጠዋት የምትወጣ ጀምበር ናት። እጁ የኔ ነው። ከግራ ሦስተኛዋ ጭረት ከሌሎቹ ታጥራለች፤ ለምን እንደሆነ ባላውቅም ሁልጊዜ እንዲያ ነበር የምሥላት። ልጅቷ እሷን እንኳን አላስተካከለቻትም።

«ምን ይላሉ?»

«ቆንጆ ነው» አልኩና ሻይ ልጥድ ተነሣሁ።

ያን ጊዜ ልነግራት ይገባ ነበር። አልነገርኳትም። ያች ምልክት በአንዲት ሴት ላይ ምን እንዳደረሰች የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ዝም ካልኩ ጥፋቴ እንደ ብልኃት ተቆጥሮ በር ላይ ሊሰቀል ነው፤ ከተናገርኩ ደግሞ የልጅቷ የብዙ ወር ሥራ ሊፈርስ ነው። ሙዚየሙ ሊከፈት አንድ ወር ቀርቶት ነበር።

ልጅቷ ከእናቷ ጋር ከኔ በላይ አራተኛ ፎቅ ትኖራለች። ጀሞ ኮንዶሚኒየም የገባነው በአንድ ሰሞን ነው። ያኔ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ጎረቤቱን ሁሉ በእርሳስ ትሥል ነበር፤ እኔን አፍንጫዬን አሳድጋ ሥላኝ እናቷ ተቆጥታታለች። አሁን ሥራዋ ግራፊክ ዲዛይን ነው። የዳቦ ቤት ታፔላ፣ የሠርግ ካርድ፣ የትምህርት ቤት ቲሸርት ትሠራለች። ትልቅ ሥራ ግን አግኝታ አታውቅም ነበር፤ ይህኛው የመጀመሪያዋ ነው። ያገናኘኋትም እኔ ነኝ።

ልጅቷ ዶክተር ያለቻቸው፣ ወጣት ሳለሁ በተቀጠርኩበት ሆስፒታል ይሠሩ የነበሩ ሐኪም ናቸው። ጡረታ ከወጡ በኋላ ጎፋ ያለውን አሮጌ ክሊኒካቸውን፣ ሦስት ክፍልና አንድ በረንዳ ያለውን ቤት፣ ትንሽ የሕክምና ታሪክ ሙዚየም ላድርገው ብለው ተነሡ። የድሮ ባልደረቦቻቸውን በሙሉ እየደወሉ «ያስቀመጣችሁት ነገር ካለ አምጡ» አሉ። አንዱ የመርፌ መቀቀያ አመጣ። አንዷ ሕፃናት እየተንጠለጠሉ የሚመዘኑበትን ሚዛን ከነጨርቁ አመጣች። እኔ ክኒን የምቆጥርበትን ሳህንና በፋሻ የታሰረ አንድ እሽግ የክኒን ፖስታ ይዤ ሄድኩ። ዲዛይን የሚሠራ ሰው እንደሚፈልጉ የነገሩኝም ያን ዕለት ነው።

«ጎረቤቴ ልጅ አለች» አልኳቸው።

«ጎበዝ ናት?»

«አፍንጫዬን አሳድጋ ሥላኛለች» አልኩ። ሳቁና ላኪያት አሉኝ። ዶክተር እስከ ዛሬ ሲስተር ይሉኛል። ሲስተር አይደለሁም፤ ነርስ ሆኜ አላውቅም። ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደ ጨረስኩ የተቀጠርኩት መድኃኒት ክፍል ውስጥ ክኒን ቆጥሬ ፖስታ ውስጥ እንድከት ነው። ነጭ ጋዋን የለበሰችን ሴት ሁሉ በሽተኛው ሲስተር ይላል፤ እሳቸውም በዚያው ቀሩ።

ልጅቷ ሥራውን ከያዘች ጀምሮ ማታ ማታ ከቢሮ ስትመለስ ወደ ቤቷ ከመውጣቷ በፊት የኔን በር ታንኳኳለች። ሦስቱን ክፍሎች በካርቶን ሠርታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠቻቸው። በሩ ይከፈታል። አግዳሚ ወንበሮቹ ከክብሪት እንጨት ናቸው። ከወረቀት የተቆረጠች አንዲት ሴት ነበረች፤ በየክፍሉ እያስገባች «እዚህ ስትቆም ምን ይታያታል? ከዚህስ ወዴት ትዞራለች?» እያለች ታንቀሳቅሳታለች። እኔም ቀን ቀን ብቻዬን ስሆን አንዳንዴ አንቀሳቅሳት ነበር። ይህን ለልጅቷ አልነገርኳትም።

የምታስበውን ነገር ላየ ሰው ደስ ትላለች። ድሮ የሆስፒታል ግድግዳ እስከ ትከሻ ድረስ አረንጓዴ ዘይት ቀለም፣ ከዚያ በላይ ነጭ ነበር። እሱን ስነግራት ሦስቱንም ክፍል እንደዚያው አስቀባች፤ የጽሑፍ ሰሌዳዎቹን ሁሉ ቀለሞቹ በሚገናኙበት መስመር ላይ ደረደረቻቸው። የፊደሉን መጠን የለካችው በኔ ዓይን ነው። አንድ ጽሑፍ በአምስት ዓይነት መጠን አትማ ኮሪደሩ ላይ ትለጥፍና እኔን ከወዲያኛው ጫፍ ታቆመኛለች።

«መነጽር ሳያደርጉ ያንብቡ!»

«የቱን?»

«ሁለተኛውን።»

«ሁለተኛ አለ እንዴ?»

«በቃ፣ ሁለተኛው ወደቀ» ትልና ቀድዳ ትጥለዋለች። አምስተኛ ፎቅ ያሉት ሰውዬ በዚያ ሲያልፉ «ምነው፣ በዚህ ዕድሜዎ ፈተና ወደቁ?» ብለውኛል።

የመድኃኒት መስኮቱን ደግሞ ልክ እንደ ድሮው ዝቅ አድርጋ አሠራችው። የኛ መስኮት ዝቅ ያለ ነበር፤ እኛ ተቀምጠን ስለምንሠራ ሰው አጎንብሶ ነው የሚያናግረን። የጎብኚውን ወገብ ለምን ታሳምሚያለሽ አልኳት።

«እንዲያውቁት ነዋ» አለች። «ሁለት ደቂቃ አጎንብሰው ይዩት።»

እኔ በዚያ መስኮት ከውስጥ በኩል ነው የኖርኩት። አጎንብሼ አላውቅም። ያን ስትል ስለ ፖስታዎቹ ልነግራት አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በኛ ጊዜ ማንበብ የማይችል በሽተኛ ብዙ ነበር። ሌሎቹ ሠራተኞች ፖስታው ላይ ጭረት ያደርጉ ነበር፤ ሦስት ጭረት በቀን ሦስት ጊዜ ማለት ነው። ሦስት ጭረት አይቶ ሦስቱን ክኒን ባንዴ የዋጠ ሰው አጋጠመን። ያኔ እኔ አሰብኩና ሥዕል ጀመርኩ። መሬት ላይ የተቀመጠች ግማሽ ጀምበር ጠዋት ናት። ሙሉ ክብ ቀትር ነው። ጨረቃ ማታ ናት። ሦስቱን በተርታ ሥዬ ክኒኑን ከትቼ እሰጣለሁ። የመድኃኒት ክፍሉ ኃላፊ አይተው «ይቺ ልጅ ጭንቅላት አላት» አሉ። የጎን መስኮቶቹም ከኔ መገልበጥ ጀመሩ። ትምህርት ቤት ሥዕል ትችላለች ተብዬ አላውቅም፤ በዚች ግን ኮራሁ። ሥራ ቀዝቀዝ ሲል ሃምሳ ሃምሳ ፖስታ አስቀድሜ ሥዬ አስቀምጥ ነበር።

ልጅቷ እሽጉን ከዶክተር ተቀብላ ጠረጴዛዬ ላይ ስትፈታው ከሁለት መቶ በላይ ፖስታ ወጣ፤ ሁሉም ጀምበሩ፣ ክቡና ጨረቃው ያለበት፣ አንዱም ክኒን ያልገባበት። በደስታ ጮኸች። ከዚያ ግን አንዱን አንሥታ ወደ መብራት እያሳየች፣ «ቆይ፣ ይኼ ሁሉ እንዴት ሳይነካ ቀረ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ተርፎ ነው» አልኳት።

ተርፎ አልነበረም። መጠቀም አቁሜ ነው።

ከወልቂጤ ማዶ ካለ ገጠር አንዲት እናት እግራቸው ቆስሎ መጥተው ነበር። ወንድማቸው ጎፋ ውስጥ ትንሽ ሱቅ ነበረው፤ ያረፉት እሱ ዘንድ ነው። አማርኛ ጥቂት ነበር የሚሰሙት። ተራው ረዥም ነበር፤ ፖስታውን ሰጠሁና «ጠዋት፣ ቀን፣ ማታ» ብዬ በጣቴ አሳየኋቸው። አጎንብሰው ሥዕሉን ደኅና አድርገው አዩና «እሺ» አሉ። የሚቀጥለውን ጠራሁ።

ከሃያ ቀን በኋላ ወንድማቸው ደግፎ አመጣቸው። ትኩሳት ነበራቸው። ቁስሉ ከፍቶ ሁለት የእግር ጣታቸው ተቆረጠ። ወንድምየው ማዘዣውን ሊያሳየን ወደ መስኮቱ ሲመጣ ፖስታውን ይዞት ነበር። ክኒኑ ሙሉ ነው። አንድ አልጎደለም።

«ለምን አልወሰዱም?» አልኩት።

«እኔም እሱን ነው የጠየቅኳት» አለ። ተናዷል፤ በማን እንደሆነ ግን አልለየም። «ሥዕሉ ቤት ነው ትላለች። ይኸው ጎጆ፣ ይኸው ክዳኑ። ቤትሽ ስትገቢ ቀን አንድ፣ ማታ አንድ ውሰጂ ብላኛለች ነው የምትለኝ። አገሯ እስክትገባ ስትጠብቅ ነው የቆየችው።»

ፖስታውን ተቀብዬ አየሁት። ከዚያ በፊት ያችን ጀምበር ስንት ሺህ ጊዜ ሥያታለሁ፤ ጎጆ መሆኗን ያየሁት ግን ያኔ ነው። ግማሹ ክብ ጣሪያ ነው። ጭረቶቹ ሣር ናቸው። መስመሩ ደጁ ነው። የሚለው ነገር ሁሉ ይገጥማል፤ ቤትሽ ስትገቢ፣ ቀን አንድ፣ ማታ አንድ። ከኔ የተሻለ ነው ያገጣጠሙት።

ኃላፊው «በሽተኛ ካልገባው መጠየቅ አለበት» አሉ፤ በዚያው ተዘጋ። እኔን የጠየቀኝ ሰው የለም። ያልተጠቀምኩባቸውን ፖስታዎች በፋሻ አስሬ ቁም ሳጥኔ ውስጥ ከታች አስቀመጥኳቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ መድኃኒት የሰጠሁትን ሰው ሁሉ «እስቲ መልሰው ይንገሩኝ» ሳልል ለቅቄ አላውቅም። የኔ መስኮት ተራ ሁልጊዜ ከሌላው ይረዝም ነበር። ባልደረቦቼ «የኔታ» የሚል ስም አወጡልኝ፤ ፊደል እንደማስቆጥር ሁሉ በሽተኛውን ታስደግማለች ብለው። ጡረታ እስክወጣ ድረስ የኔታ ነበርኩ። ስሙ የወጣበትን ምክንያት ግን ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም አልተናገርኩም።

እንግዲህ ልጅቷ ዓርማ አድርጋ ያመጣችልኝ ይህችኑ ጀምበር ነው።

ዐሥር ቀን ያህል ዝም አልኩ። በየማታው እየመጣች አዲስ ነገር ታሳየኛለች፤ ጀምበሯ ያለባት ቲኬት፣ ጀምበሯ ያለባት የጨርቅ ቦርሳ። አንድ ቀን በብረት ተቆርጦ በሩ ላይ የሚሰቀለውን መጠን በወረቀት ቆርጣ አመጣች። ከኔ ትከሻ ትሰፋለች። ወንበር ላይ አስደግፋት ራቅ ብላ እያየች «እማማ፣ ነገ ወደ ብረት ሠሪው እልከዋለሁ» አለችኝ።

«አትላኪው» አልኳት።

«ምነው?»

«ቁጭ በይ።»

ነገርኳት። ከላይ የጻፍኩትን ያህል አልተናገርኩም፤ አጠር አድርጌ ነው። ስጨርስ ወንበሩ ላይ ያለችውን ጀምበር ታያለች።

«እሽጉን ከፈታሁ ሁለት ወር!» አለች። «ሁለት ወር ሙሉ እዚህ ቁጭ ብለው ሲያዩኝ! ሎጎውን ሳሳይዎት ‹ቆንጆ ነው› አላሉኝም?»

«ብያለሁ።»

«ለምን?»

«ቆንጆ ስለሆነ ነው።»

«እማማ፣ አሁን ይኼ ቀልድ ነው?»

እየቀለድኩ አልነበረም። የካርቶኑን ቤት እዚያው ትታው ወጣች፤ ከላይ በራቸው ሲዘጋ ተሰማኝ። እናቷ በማግስቱ ደረጃ ላይ ስታገኘኝ «ምን ተባብላችሁ ነው? እራት አልበላችም» ብላ ጠየቀችኝ። የሥራ ነገር ነው አልኳት።

ቅዳሜ ጠዋት መጣች። ዓይኗ አብጧል፤ ግን ጫማዋን አጥብቃ አስራለች። እጇ ላይ ጀምበሯ በትልቁ የታተመባት ካርድ አለች፤ ምንም ጽሑፍ የለባትም።

«ይልበሱ» አለችኝ። «ልንጠይቅ ነው።»

«ማንን?»

«ያገኘነውን።»

የጀሞ ሚኒባስ መያዣ ሄድን። ቅዳሜ ቢሆንም ሰልፉ ረዥም ነበር። ተራ አስከባሪው፣ ኮፍያ ያደረገ ጎልማሳ ሰው፣ መጀመሪያ ካርዷን አየ።

«ይኼ ምንድን ነው?» አለችው።

«ጃርት።»

«ጃርት?»

«ጃርት ነዋ! ይኸው እሾሁ። እግሩን ረስታችሁታል እንጂ።»

ቀጥሎ ጎመን የተሸከመች ሴትና ባሏ ነበሩ። ሴትዮዋ «ጀምበር ናት፤ ልትጠልቅ ነው» አለች።

«እየወጣች ነው እንጂ» አለ ባልየው።

«አንተ ደግሞ! ስትወጣ መች አይተሃት ታውቃለህ? ሁለት ሰዓት ነው የምትነሣው።»

ሰልፉ ሳቀ። ባልየውም ሳቀ፤ ግን «እየወጣች ነው» ማለቱን አልተወም። ጆሮው ላይ ማዳመጫ የሰካ ወጣት አንዱን ጆሮ ነቅሎ «ዲሽ ነው» አለና ወደ ኮንዶሚኒየሙ በረንዳዎች ጠቆመ፤ እውነትም በየበረንዳው ያለው ሁሉ እሷን ይመስላል። አንዲት ሕፃን ፀጉሩ የተንጨባረረ ሰው ነው፣ ዓይኑን ረስታችሁታል አለች። ልጅቷ የሚሉትን ሁሉ በስልኳ ትጽፋለች። እኔ ከጎኗ ቆሜ ቦርሳዬን እይዛለሁ።

ከሰልፉ ጫፍ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ነበሩ። ካርዷን ተቀብለው ከዓይናቸው አራቁ፣ አቀረቡ።

«ጎጆ ናት» አሉ። «ክዳኗን ነፋስ ገልቦታል። ባለቤቱ ሰነፍ ነው።»

ልጅቷ ዞር ብላ አየችኝ። እኔ መንገዱን አየሁ።

ስንመለስ መንገድ ላይ ክንዴን ያዘችና «ትምህርት ቤት የተማርነው መጀመሪያ ሰው ጠይቁ የሚል ነው» አለችኝ። «እኔ አንድ ሰው አልጠየቅኩም። ስለ ወደድኩት በቃ ለሁሉም የሚታይ መሰለኝ።»

«እኔም» አልኳት።

ሰኞ ዶክተር ዘንድ አብረን ሄድን። በረንዳው ላይ ሆነው ሠራተኞቹ አልጋ ሲያስገቡ «ቀስ! በሩን እንዳትፍቁት!» እያሉ ነበር። ልጅቷ ጀምበሯ ከበሩ ላይ እንድትነሣ እንደምትፈልግ ነገረቻቸው፤ በሩ ላይ የሙዚየሙ ስም ብቻ በትልቁ ይጻፋል፤ ጀምበሯ ሁለተኛው ክፍል ውስጥ ከመድኃኒቱ መስኮት ጎን ትሆናለች፤ ታሪኳም ከሥሯ ይጻፋል። ምክንያቱን እኔ ነገርኳቸው። ስለ ሴትዮዋ እግር ስነግራቸው ፊታቸውን ወደ ግቢው አዞሩ።

«ዓርማ የሌለው በር ባዶ ነው» አሉ መጨረሻ ላይ። «ግን ይሁን። ጽሑፉን እኔ እጽፈዋለሁ።»

በሁለተኛው ቀን ጽሑፋቸውን ልጅቷ አምጥታ አነበበችልኝ። በዚያን ዘመን በሥዕል መመሪያ መስጠት የተለመደ እንደ ነበረ፣ አልፎ አልፎም በባለሙያውና በታካሚው መካከል አለመግባባት ይፈጠር እንደ ነበረ ይላል። ደኅና አማርኛ ነው። የሚጎድለው ነገር የሌለ ይመስላል።

ልጅቷን ይዤ ሄጄ ነገርኳቸው። «ዶክተር፣ አለመግባባት ሁለት ሰው ይፈልጋል። እሳቸው ምን አጠፉ?»

«ሲስተር፣ ሙዚየም እኮ ነው። የንስሐ ቦታ አይደለም።»

«ሲስተርም አይደለሁም።»

«አንቺ ደግሞ ዛሬ ምን ነካሽ? ሰው መጥቶ ሲያነብ ምን ይላል? በኛ ሆስፒታል እንዲህ ነበር ወይ አይልም?»

«ይበል። ነበር።»

«ስንት ሰው ያዳነች ጀምበር ናት። እሱስ አይጻፍ?»

«ያዳነችውን አላውቅም» አልኳቸው። «ያልገባቸው ሌሎችም ይኖሩ ይሆናል፤ ተመልሰው አልነገሩኝም። የማውቀው አንድ ሰው ነው። ‹ይፈጠር ነበር› የሚለው ካልወጣ ፖስታዎቼን መልሱልኝ።»

በሕይወቴ ለሐኪም እንዲህ ተናግሬ አላውቅም። አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ዶክተር ልጅቷን አዩ። ልጅቷ ጣሪያውን አየች። «እንግዲያው አንቺ ጻፊውና እንየው» አሉኝ።

ልጅቷ ከቦርሳዋ ወረቀት አውጥታ ሳጥን አሰመረችበት። «ከአርባ ቃል በላይ አይገባም» አለችኝ። «ዶክተርም ቢሆኑ፣ እርስዎም ቢሆኑ አርባ ነው።»

ቤቴ ወስጄ ሁለት ቀን ሠራሁበት። መጀመሪያ የጻፍኩት ሁለት ገጽ ሆነ፤ የተራው ርዝመት፣ የኃላፊው ንግግር፣ ያን ጊዜ ወጣት እንደ ነበርኩ፣ ሁሉም ገብቶበታል። ሳነበው አብዛኛው ስለ ራሴ ማመካኛ ነው። ሰረዝኩት። መጨረሻ የቀረው ይህ ነው፦

«ይህችን ጀምበር የሣልኳት እኔ ነኝ፤ ጠዋት ማለቴ ነበር። አንዲት እናት ጎጆ መስላቸው፣ ቤቴ ስገባ እወስደዋለሁ ብለው ሃያ ቀን ጠበቁ። እግራቸው ከፋ፤ ሁለት ጣታቸው ተቆረጠ። እሳቸው ያዩትን አንብበዋል። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ ምን እንደሚያዩ አልጠየቅኳቸውም።»

ልጅቷ በጣቷ ቆጠረችው። «ቦታ ተርፎዎታል» አለች። «ስምዎን ልጨምርበት?»

«አይ። ባዶ ይሁን።»

አልተከራከረችኝም። ፊደሉን በኮምፒውተር አልሠራችውም፤ በእጄ የጻፍኩትን እንዳለ አሳድጋ ሰሌዳው ላይ አወጣችው። የእጅ ጽሑፌ ድሮም ያን ያህል አያምርም። አሳምሪው አልኳት፤ እምቢ አለች።

ሊከፈት ሁለት ቀን ሲቀረው ሰሌዳው ከመስኮቱ ጎን ተሰቀለ። መስኮቱ ዝቅ ያለ ስለሆነ ጽሑፉም ዝቅ ብሏል። እኔ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ነበር፤ ልጅቷ መሬት ላይ ተንበርክካ የግድግዳውን አቧራ ትጠርጋለች። ዶክተር ገቡና ሰሌዳውን ሊያነቡ አጎነበሱ። ዕድሜያቸው ከኔ ይበልጣል፤ አንድ እጃቸውን መስኮቱ ላይ አሳረፉ። ጽሑፉ አጭር ነው፤ እሳቸው ግን ቶሎ አልተነሡም።

ሲቃኑ እኔን አላዩኝም። ልጅቷን «ሦስተኛው ክፍል ውስጥ ባዶ የመስታወት ሳጥን አለ አላልሽኝም?» ብለው ጠየቋት።

«አለ፣ ዶክተር። የሚገባበት ዕቃ አጥቼ ነው።»

«ቤቴ አንድ መቀስ አለ» አሉ። «የቀዶ ሕክምና መቀስ ነው። እስከ ዛሬ ያስቀመጥኩበትን ምክንያት ለማንም አልተናገርኩም።»

ልጅቷ መጥረጊያ ጨርቋን አስቀመጠች። ምን መቀስ እንደሆነ አልጠየቀቻቸውም። ከቦርሳዋ ወረቀት አወጣች፣ ሳጥን አሰመረችበት፣ እስክሪብቶውን ጨምራ ሰጠቻቸው። ዶክተር መነጽራቸውን ፈልገው አደረጉና ከአግዳሚው ሌላኛው ጫፍ ተቀመጡ። ከዚያ እስክሪብቶው ሲንቀሳቀስ ሰማሁ።

እኔ እንዳላይባቸው ፊቴን ወደ በሩ አዞርኩ፤ ጥቂት ቆይቼም ሚኒባሱ ሳይጨናነቅ ልሂድ ብዬ ተነሣሁ።